በአረብኛ ዘፈን ትምህርት ላይ ማስተርስ ለመሥራት ራስ መዝፈን ግድ ነው ወይ? 31 መልስ ያገኘ ጥያቄ

የኢንተርኔት የሙዚቃ መድረካችን ላይ የሚከፈት ክር (አንድ ጥያቄ ከነመልሶቹ) ብዙውን ጊዜ ሦስት አራት መልስ አግኝቶ ይረሳል። ይሄኛው 31 ደርሷል፤ አሁንም አልተዘጋም። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ለሌላችሁ፣ በተለይ በሙዚቃ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ለምታስቡ፣ የተባባልነውን ከላይ እስከ ታች ልንገራችሁ። የራሴንም ሐሳብ መሃል መሃል ላይ እጨምራለሁ። ጉዳዩ በጣም ስለሚያገባኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ክሩን የከፈተችው ሻርጃ የምትኖር እህታችን ናት። አዲስ አበባ ሙዚቃ ተምራለች፤ መሣሪያዋ ፒያኖ ነው። አሁን የምትሠራው ልጆችን ማስተማር ሲሆን ብዙዎቹ ተማሪዎቿ አረቦች ናቸው። ቤታቸው ዘፋኞቹን ኡም ኩልሱምንና ፋይሩዝን እየሰሙ ያደጉ ልጆች ያንኑ ዜማ ፒያኖ ላይ ሲፈልጉት ያጡታል። አንዳንዱ ድምፅ በነጩና በጥቁሩ ቁልፍ መካከል ነውና። ጥናቱ የታሰባት ከዚያ ነው። የአረብኛ ዘፈን አስተማሪዎች ያንን መሃል ላይ ያለ ድምፅ ለተማሪ የሚያስይዙት እንዴት ነው? ማስተርሷን በዚህ ላይ መሥራት ትፈልጋለች። የጠየቀችን ሁለት ነገር ነው። ካይሮ ይሻላል ወይስ አውሮፓ? ደግሞስ ራሷ መዝፈን አለባት ወይስ ኖታ ማንበብና ጥሩ ጆሮ ይበቃል? የራሷንም ግምት ጨመረችበት፤ ኖታ በደንብ የሚያነብ ሰው ምንም አይጎድልበትም አለች። ክሩን ያስረዘመው ይህ የመጨረሻው ግምት ነው።

መልስ 1 በምርቃት ጀምሮ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቶቹ ገባ። ካይሮ ውስጥ ዛማሌክ የሚገኘውን የሄልዋን ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ትምህርት ፋኩልቲ አነሳ። ጊዛ ባለው የሥነ ጥበባት አካዳሚ ሥር ያለውን የአረብ ሙዚቃ ከፍተኛ ኢንስቲትዩት ጨመረ። ሊባኖስ ውስጥ የካስሊክን ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ ቱኒዝን፣ ከዚያ ለንደን ሶአስ ዩኒቨርሲቲን ጠቀሰ። ካይሮ ከገባች ጽሑፉን ባብዛኛው በአረብኛ እንደምትጽፍ፣ መምህራኑም በሙያው ውስጥ ያደጉ እንደሚሆኑ ነገራት። ለንደን ከሄደች ስለ ሙዚቃና ኅብረተሰብ ብዙ ታነባለች፤ ለመስክ ሥራው ግን ዞራ ካይሮ መምጣቷ አይቀርም። የመጀመሪያው ጥያቄ እዚህ ላይ ተመለሰ ማለት ይቻላል። ከዚህ በኋላ ማንም ብዙ አልተከራከረበትም።

መልስ 2 ማበረታቻ ብቻ ነበር። መልስ 3 ግን እርማት ይዞ መጣ። ያማሃና ኮርግ ለምሥራቁ ሙዚቃ ብለው የሠሯቸው ኪቦርዶች ሩብ ድምፅ የሚያወጣ ቁልፍ አላቸው፤ ስለዚህ ችግሩ የመሣሪያ ምርጫ እንጂ የጥናት ርዕስ አይሆንም የሚል ነው።

መልስ 4ን የጻፉት ካይሮ ለረጅም ጊዜ የኖሩ ዑድ (የአረብ ባለ ክር መሣሪያ) ተጫዋች አባት ናቸው። ከክሩ ሁሉ አንድ ብቻ አንብቡ ብባል ይሄን ነው የምመርጠው። መልስ 3ን በትሕትና አረሙት። በፒያኖ ከአንድ ቁልፍ ወደ ጎረቤቱ ያለው ርቀት 100 ሴንት (የድምፅ ርቀት መለኪያ) ነው። የኪቦርዱ ቁልፍ ድምፁን በ50 ሴንት ያወርዳል። ዘፋኝ ግን ልክ እዚያ ላይ አይቀመጥም። መቃም የአረብ ሙዚቃ የዜማ ስልት ነው፤ የራስት መቃምን ሦስተኛ ድምፅ ውሰዱ፤ ሲካ የሚሉትን። ካይሮ ላይ አንድ ቦታ ይያዛል፣ ሶርያ ውስጥ ሐለብ ላይ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ቱርኮች ጋ ደግሞ የበለጠ ከፍ ይላል። በዚያው በአንድ ከተማ እንኳ ያው ድምፅ በያቲ በሚባለው መቃም ውስጥ ሲመጣ ከራስቱ ዝቅ ይላል። ኖታ ላይ ግን ለሁሉም የሚጻፈው አንድ ምልክት ነው፤ ሰረዝ የተሰመረበት ፍላት (ድምፅ የሚያወርድ ምልክት)።

ቀጥለው ታሪኩን አመጡ። ኦክታቩን (ከአንድ ድምፅ እስከ ቀጣዩ ተመሳሳይ ድምፅ ያለውን ርቀት) 24 እኩል ቦታ የመክፈልን ሐሳብ በጽሑፍ ካስፋፉት አንዱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሚካኢል ሚሻቃ ነው። ከእሱ ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ፈላስፋው አል ፋራቢ የባግዳዱን ዑድ ተጫዋች የዘልዘልን የጣት ማሳረፊያ በክፍልፋይ አስቀምጦት ነበር። 27 ለ 22 ነው፤ ወደ ሴንት ሲመነዘር 355 ይሆናል። ፒያኖ ያለው 300ና 400 ነው። በ1932 ካይሮ ላይ በንጉሥ ፉአድ ጥሪ በተደረገው የአረብ ሙዚቃ ጉባኤ ይህ ነገር ትልቅ ክርክር አስነስቷል። ከአውሮፓ የሙዚቃ ደራሲዎቹ ባርቶክና ሂንደሚት፣ የሙዚቃ ተመራማሪዎቹ ሆርንቦስተልና ኩርት ዛክስ ተገኝተዋል። ከኢራቅ መሐመድ አል ቁባንጂ መጥቶ ዘፍኗል። እኩል 24 ይሁን የሚለው ሐሳብ ተቃዋሚ ስለበዛበት ስምምነት ላይ አልተደረሰም። እኚህ አባት ለልጅቷ የሰጧት ምክር በጉባኤው የተቀረጹትን ሸክላዎች እንድታዳምጥ ነው። ፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ያለው ቅጂ በ18 ሲዲ ወጥቷል። ስለ ሲካ ከመጻፏ በፊት ከግብፅ፣ ከኢራቅ፣ ከቱኒዝያና ከሞሮኮ የመጡት ዘፋኞች የት የት እንደሚያሳርፉት በጆሮዋ ትለይ አሉ።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታው ጨዋ ነበር። መልስ 5 ላይ ነው ድምፁ የተለወጠው። ጀርመን አገር የድምፅ አሠልጣኝ የሆነ ወንድማችን የኦፔራ አሠለጣጠን የዘፈን ሁሉ መሠረት ነው አለ። ትንፋሽና ጉሮሮ የትም አገር አንድ ነው፤ መጀመሪያ ያንን ተማሪ፣ የአረቡ ጌጥ በኋላ ይጨመራል የሚል ሐሳብ ነው። መልስ 6 በቁጣ መለሰችለት። አረብኛ ዘፈንን እንደ ጌጥ የሚቆጥር ሰው አንድም ሙወሸሕ (የቆየ የአረብኛ ዘፈን ዓይነት) ተቀምጦ አልሰማም አለችው፤ ከዚያም ሙያውን ጠየቀች፣ ነገሩ ወደ ሰውየው ዞረ። መልስ 7 ሁለቱንም አረጋጋ።

የእኔ አቋም ይሄ ነው። ትንፋሽን በሥርዓት መያዝ ለማንም ዘፋኝ ይጠቅማል፤ እዚያ ላይ መልስ 5 ልክ ነው። ከዚያ በላይ ግን አብሬው አልሄድም። የኦፔራ ዘፋኝ የሚያስረዝመው በተለይ አናባቢውን ነው። የአረብኛ ዘፋኝ መ እና ነ ላይም ይቆያል፤ ድምፁን ወደ አፍንጫ አስጠግቶ ያቀልመዋል። ዐይንና ሓ የሚባሉት የጉሮሮ ፊደሎች ሳይደበዝዙ መሰማት አለባቸው፤ ግጥሙ ካልተሰማ አድማጩ ጠረብ (በሙዚቃ መመሰጥ) ውስጥ አይገባም። አንዱን አሠለጣጠን አስቀድሞ ሌላውን ላዩ ላይ መደረብ ቀላል አይደለም፤ ጉሮሮ የለመደውን አይለቅምና።

መልስ 8 ረዘም ያለ ገጠመኝ ነው። የጻፈችው እህት ማስተርሷን ስትሠራ አማካሪዋ የአንድን አዛውንት ዘፋኝ መዋል (በነፃ ምት የሚዘፈን የአረብኛ ዘፈን) በሙሉ በኖታ እንድትጽፍ አዘዛት። ዩኒቨርሲቲውን አልጠቀሰችም፤ እኔም አልጠይቅም። ወራት ፈጅታ ጻፈች። ጎበዝ ቫዮሊን ተጫዋች የጻፈችውን እንዲጫወትላት አድርጋ አዛውንቱን ጋበዘች። አዛውንቱ እስከ መጨረሻው ሰምተው የማን ዘፈን እንደሆነ ጠየቋት። የራሳቸው ነበር። ዑረብ የሚሏቸው ትንንሽ የድምፅ ጥቅልሎች፣ ቀፍላ (የሐረግ መዝጊያ) ላይ አድማጩን እህ የሚያሰኘው አወራረድ፣ ሁሉም ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ጽሑፉ ግን ጥሩ ውጤት አግኝቶ አለፈ። ይህንን ሳነብ በጣም ነው ያዘንኩት። የዩኒቨርሲቲ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የዘፋኙን ድምፅ ሳይሰማ ማርክ ሊሰጥ አይገባም።

መልስ 9 ከ8 ጋር ተስማማ። መልስ 10 ግን ጠንከር ያለ ተቃውሞ አመጣ፤ እኔንም ቆም ብዬ እንዳስብ አድርጎኛል። ሁለት የዶክትሬት ሥራዎችን አነሳ፤ ሁለቱም ከአሜሪካው ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። የመጀመሪያው በ1977 የወጣው የአሊ ጂሃድ ራሲ ነው፤ ከ1904 እስከ 1932 የነበረው የሸክላ ንግድ የግብፅን ሙዚቃ እንዴት እንደለወጠ ያጠናል። ራሲ ናይ (ዋሽንት) እና ቡዙቅ (ባለ ክር መሣሪያ) የሚጫወት ሙዚቀኛ ነው። ሁለተኛው የቨርጂኒያ ዳንየልሰን ነው፤ 1991፣ በኡም ኩልሱም ሕይወትና ሥራ ላይ። ዳንየልሰን ደግሞ የምትታወቀው በተመራማሪነትና በሙዚቃ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊነት ነው፤ በዘፋኝነት አይደለም። ታዲያ መዝፈን ግድ ከሆነ ስለ ኡም ኩልሱም ስማቸው ከሚጠሩት ሥራዎች አንዱ እንዴት ተሠራ? የመልስ 10 ጥያቄ ይሄ ነው፤ ጥሩ ጥያቄ ነው።

እኔ የምመልሰው እንዲህ ነው። ዳንየልሰን የጠየቀችው አንዲት ዘፋኝ በሕዝቧ ዘንድ እንዴት እዚያ ደረጃ ላይ እንደደረሰች ነው። እሱን ለማወቅ ከአድማጮች ጋር መኖር፣ ከሙዚቀኞች ጋር መነጋገር፣ ጋዜጣና ቅጂ መመርመር ነበረባት። የሻርጃዋ እህታችን ጥያቄ ሌላ ነው። ጉሮሮ እንዴት ይማራል ነው የምትለው። ለዚህ ጥያቄ የራሷ ጉሮሮ ከመሣሪያዎቿ አንዱ መሆን አለበት።

መልስ 11 ወደ ሼሆቹ ወሰደን። ኡም ኩልሱም አባቷ የመንደር መስጊድ ኢማም ነበሩ፤ በኩታብ ቁርኣን ተምራለች፤ ሕዝብ ፊት የጀመረችውም ከአባቷ ጋር መንፈሳዊ ዜማ በማዜም ነው። በ1923 የሞተው ግብፃዊው ዘፋኝና የዜማ ደራሲ ሰይድ ደርዊሽም የተማረው በሃይማኖት ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ የአረብኛ ዘፈን እውነተኛ ማሠልጠኛ ተጅዊድ (ቁርኣንን በሥርዓት የማንበብ ሕግ) ነው አለ ጸሐፊው። ፊደል ከየት እንደሚወጣ፣ ጉንና (በአፍንጫ የሚወጣው ድምፅ) ስንት እንደሚቆይ፣ መድ (የአናባቢ መሳብ) የት ድረስ እንደሚሳብ እዚያ ይለመዳል።

መልስ 12 ተቆጣ። ቁርኣንን ከዘፈን ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስገባት ነውር ነው፤ ተመራማሪዋም እንዲህ ብላ ወደ አንድ ቃሪእ (የቁርኣን አንባቢ) ብትሄድ በሩን ይዘጋባታል አለ። 11 መለሰ፣ 12 ደገመ፤ እነዚህ ናቸው 13ና 14። 14 ላይ ያለው አነጋገር ከመድረካችን ደንብ የወጣ ነበር፤ አስተዳዳሪው ከፊሉን አጥፍቶታል። ነገሩን ያበረደው መልስ 15 ነው። የደሴ ልጅ ነው፤ መንዙማ እየሰማ ያደገ። እሱ ባደገበት ቤት ቂርኣቱ (የቁርኣን ንባቡ) እና መንዙማው ለየራሳቸው ክብርና ቦታ እንዳላቸው፣ ማንም እንደማያደበላልቃቸው፣ ልጆቹ ግን በቂርኣቱ የተገራ አፍ ይዘው ወደ መንዙማው እንደሚገቡ በእርጋታ አስረዳ። ሁለቱም ዝም አሉ።

እዚህ ላይ እኔ ከ12 ጋር ነኝ፤ የአነጋገሩን ቁጣ ትተን። ቃሪኦች ራሳቸው ቂርኣቱን ሙዚቃ አይሉትም። ተመራማሪ ቃለ መጠይቅ ሲያደርግ የሰዎቹን ድንበር ማክበር ግዴታው ነው። ኡም ኩልሱም በልጅነቷ የተማረችው ነገር አፏ ላይ መሰማቱን ግን መጻፍ ይቻላል። ሁለቱ አይጣሉም።

16ና 17 ከርዕሱ ወጡ። የባሕረ ሰላጤው ዘፈን ከግብፁ ይበልጣል አይበልጥም ተባለ፤ የቴሌቪዥን ውድድሮች ተነሱ። አንዱ ነጥብ ብቻ ይጠቅማል። ድምፅ የሚያቃናው ሶፍትዌር በተለመደው አቀማመጡ ሲካን ጎትቶ ወደ ፒያኖው ቁልፍ ይወስደዋል። ማስተካከል ይቻላል፤ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ልዩነቱን ካልሰማ ግን አያስተካክለውም።

18 የአስተዳዳሪው ማሳሰቢያ ነው። 19 የኔ ነው። የጻፍኩትን ባጭሩ ልድገመው። ኮከብ ዘፋኝ መሆን አያስፈልግም፤ ተማሪ መሆን ግን ያስፈልጋል። አንድ መምህር ፈልጊ፣ ከራስት ጀምሪ፣ ትምህርቱን እያስፈቀድሽ ቅረጪ። በአረብኛ ዘፈን መምህሩ ይዘፍናል፣ ተማሪው ይደግማል፣ ልክ ካልሆነ መምህሩ ራሱን ነቅንቆ እንደገና ይዘፍናል። ትልቁ ትምህርት ያለው በዚያ ራስ መነቅነቅ ውስጥ ነው። ተማሪው ዝቅ ሲል መምህሩ ምን ያደርጋል? በእጁ ያሳያል? ዑዱን ይመታል? አንድ ሐረግ ብቻ ነጥሎ ይደጋግማል? ወይስ ሙሉውን መዋል ይዘፍንና ልጁ ራሱ እንዲያገኘው ይተወዋል? ይህ ኖታ ላይ የለም። ከዚያ ቅጂውን ፕራት ወይም ቶኒ በሚባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ለኪ፤ የተማሪው ሲካ ከሳምንት ሳምንት ወዴት እንደሄደ ይታያል። ግራፉን ግን የምታብራሪው መምህሩ በዚያች ቅጽበት ያደረገውን አስታውሰሽ ነው። መምህር ራሱን ያልነቀነቀባት ሰው ያቺን ቅጽበት አትለያትም።

መልስ 20 እኔ ላይ ጠንክሮ መጣ። እንዲህ ከሆነ ድምፅ የሌለው ሁሉ ከምርምር ይወጣል፤ ደግሞም ተመራማሪዋ ራሷ ተማሪ ከሆነች የራሷ ዳኛ ትሆናለች አለ። የመጀመሪያውን አልቀበልም፤ መማር እንጂ ማማር አልጠየቅኩም። ሁለተኛው ግን የሚታለፍ አይደለም። መፍትሔው ሌሎች ተማሪዎችን አብሮ መከታተልና ፍርዱን ለሌሎች የሙያው ጆሮዎች መስጠት ነው። መልስ 21 ይህንኑ አጠናከረ። በግብፅ የሙዚቃ ትምህርት ጥናቶች ውስጥ የተለመደ አንድ አካሄድ አለ፤ ተመራማሪው የራሱን የመልመጃ ፕሮግራም ያዘጋጃል፣ ጥቂት ተማሪዎችን በፊትና በኋላ ይፈትናል፣ ልዩነቱን በሰንጠረዥ ያቀርባል። የጸሐፊው ትችት መልመጃውን የሠራው፣ ያስተማረውና የፈተነው አንድ ሰው ከሆነ ውጤቱ ብዙ አይናገርም የሚል ነው። እውነቱን ነው።

መልስ 22 የመጣው ከኢየሩሳሌም ነው። ቤተ እስራኤላዊ ወንድም ነው፤ ሰፈሩ ከሐለብ የመጡ አይሁዶች ምኩራብ አለ። እነሱ የሰንበት ጸሎታቸውን የሚያዜሙት በመቃም ነው፤ መቃሙ በየሳምንቱ እንደሚነበበው የኦሪት ክፍል ይለያያል። ግርዛት ሲኖር ሰባ የሚባለው መቃም ይመረጣል፣ ሐዘን ሲሆን ሒጃዝ የሚባለው። ልጆቹ ኖታ አይተው አያውቁም፤ ከአባት ጎን ቆመው ነው የሚይዙት። ከርዕሱ የራቀ ይመስላል እንጂ ለእህታችን ጥያቄ በጣም ቅርብ ነው።

መልስ 23 ስለ ኅብረ ዝማሬ ነው። በ1967 አብደል ሐሊም ኑወይራ ካይሮ ላይ ያቋቋመው የአረብ ሙዚቃ ጓድ ዱሮ አንድ ዘፋኝ እየመራ እንደ ስሜቱ ይቀያይራቸው የነበሩትን ደውርና ሙወሸሕ የሚባሉ የቆዩ ዘፈኖች በኖታ አጽንቶ በጋራ ማስዘፈን ያዘ። ጸሐፊዋ ይህ አሮጌውን ዘፈን ከመጥፋት አዳነ ትላለች፤ ግን ተማሪው ሐረግን ባለበት መድገም እንጂ መለወጥ እንዳይለምድ አደረገ። ኡም ኩልሱም አንዷን ስንኝ ደጋግማ ስትዘፍን ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አታደርጋትም ነበር። ይህንን የሚያስተምር ክፍል ዛሬ የት አለ? ማንም አልመለሰላትም። እኔም ይህ ራሱን የቻለ ጥናት ነው እላለሁ፤ ልጅቷ ባትወስደው ሌላ ሰው ይውሰደው።

ከ24 እስከ 26 ተግባራዊ ምክር ነው። የካይሮን የአነጋገር አረብኛ ለብቻው እንድትለምድ መከሯት፤ ቀሲዳው (ግጥሙ) በፉስሓ፣ በመጻሕፍቱ አረብኛ፣ ቢሆንም መምህሩ ተማሪውን የሚያርመው በአሚያ፣ በአነጋገሩ አረብኛ፣ ነውና። ሊባኖስ ያለው አማር የተባለው ድርጅት የድሮ ሸክላዎችን እንደሚሰበስብም ጠቆሟት።

መልስ 27 ላይ ክሩን የከፈተችው እህት ተመለሰች። ሁሉንም አንብባለች። ርዕሷን አጥብባዋለች፤ ካይሮ ውስጥ ከአንድ መምህር ጋር፣ ጥቂት ተማሪዎችን በራስትና በበያቲ ብቻ እየተከታተለች፣ ራሷም አብራ እየተማረች። ኖታውን አትጥለውም፤ ግን ከቅጂው ጎን ነው የምታስቀምጠው። መልስ 6 ላይ የተቆጣችው እህት ደግሞ መጀመሪያ ልታስተምራት ቃል ገባች፤ ያ መልስ 28 ነው። 29 ልጆች ተማሪዎች ካሉበት የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ እንድትይዝ፣ ሴት ተማሪዎች ድምፃቸው ከክፍሉ እንዳይወጣ ከፈለጉም እንድታከብርላቸው አሳሰበ። 30 ያንኑ ደገመ።

31 የመጣው ትናንት ማታ ነው። ከ2011 በኋላ ከሐለብ የተበተኑ የዘፈን መምህራን ካይሮ፣ ኢስታንቡልና በርሊን እያስተማሩ ነው፤ እነሱንም ለምን አታካትትም ይላል። የሐለብ ቁዱድ (የከተማዋ ባህላዊ ዘፈን) በ2021 ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ገብቷል፤ በዚያው ዓመት ነው የሐለቡ ዘፋኝ ሰባህ ፋኽሪ ያረፈው። እኔ ግን ለማስተርስ አንድ ከተማና አንድ መምህር ይበቃታል እላለሁ፤ ሦስት ከተማ ከጨመረች አንዱንም በደንብ አትሰማውም። ግን ካይሮ ያለ የሐለብ መምህር ካገኘች ከግብፃዊው ይልቅ እሱ ጋ እንድትማር እመክራታለሁ። ሲካን ከፍ አድርጎ የሚይዝ መምህር ዝቅ አድርገው መስማት የለመዱ የካይሮ ተማሪዎችን ሲያስተምር፣ ያ እርማት ከሌላው ሁሉ ጎልቶ ይሰማል።